አሮጌ የጦር ጠመንጃ፦ ከመግዛትዎ በፊትና ከተኮሱ በኋላ

የዚህ እትም የጥያቄና መልስ ዓምዳችን ከሰሜን ሸዋ በደረሱን ደብዳቤዎች ላይ ያተኮረ ነው። ደብዳቤዎቹ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከጣርማ በር፣ ከጅሩና ከአንኮበር የመጡ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ከጦር ሠራዊት ወጥቶ ለብዙ ዘመን በሰው እጅ የቆየ ጠመንጃ እንዴት ይመረመራል፣ እንዴት ይተኮሳል፣ እንዴትስ ይጠበቃል የሚል ነው። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ጥያቄዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ ከደብረ ብርሃን፦ አንድ የማውቃቸው አዛውንት ቤልጅግ ጠመንጃቸውን ሊሸጡልኝ ፈቅደዋል። ጠመንጃው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በዘመተ አርበኛ እጅ የነበረ ነው ስለሚባል ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ብረቱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ሰደፉም አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ደኅና መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ፈቃድዎን ያውጡ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ሆነ መሸጥን የሚከለክል ሲሆን ተቆጣጣሪውም የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ነው። ስለዚህ ሻጩና እርስዎ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት አብራችሁ ወደ አካባቢያችሁ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ ግብይቱ የሚፈቀድ መሆኑን መጠየቅ ይኖርባችኋል። በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውል በሬ ለመሸጥ ይበቃ ይሆናል፤ ጠመንጃን ግን ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም አያዛውርም።

ቤልጅግ የሚባለው በቤልጅየም አገር፣ በሊዬዥ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኤርስታል የተሠራው ማውዘር ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ በፊት ያስመጣቸው እ.ኤ.አ. የ1924 እና የ1930 ሞዴሎች ሲሆኑ ጥይታቸው 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር ነው (የመጀመሪያው ቁጥር የበርሜሉን የውስጥ ስፋት፣ ሁለተኛው ባሩዱን የያዘውን የናስ ቤት፣ የቀለሁን፣ ርዝመት ይነግራል)፤ ካዝናቸውም አምስት ጥይት ይይዛል። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የቤልጅየም መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ያሠለጥኑ ስለነበር ይህ ጠመንጃ በሠራዊቱ ዘንድ በደንብ የታወቀ ነበር፤ ከዚያም ከሠራዊቱ ወደ አርበኛው እጅ መግባቱ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ አዛውንቱ የሚነግሩዎት ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ታሪኩ ጠመንጃው የት እንደዋለ ቢነግርዎትም በርሜሉ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይነግርዎትም፤ እርስዎ ዋጋ የሚከፍሉትም ለሁለተኛው ነው።

በነገራችን ላይ ሸዋ አሮጌ ጠመንጃ በውድ ሲቀርብላት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በኋላ ዓለም በገጣሚነቱ ያወቀው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር ያደረሰው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት ከሠራዊቱ ያስወጣው ዓይነት ነበር። ነጋዴው ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ እንደጻፈው፣ ሊዬዥ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ የሚያወጣው መሣሪያ ለሸዋው ንጉሥ በአርባ ፍራንክ ገደማ ይሸጥ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ግን ዋጋውን ቀንሰው፣ የነጋዴውን ሟች ሸሪክ ዕዳም አስልተው ስለከፈሉ፣ ራምቦ ያሰበውን ያህል ሳያተርፍ ተመልሷል። እርስዎም እንደ ንጉሡ ዕቃውን አይተው ይከራከሩ።

ምርመራውን የሚጀምሩት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በማረጋገጥ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ማቀባበያውን ይክፈቱ፤ የጥይት ማደሪያውንና ካዝናውን በዓይን ካዩ በኋላ በጣትዎም ይዳስሱ። ከዚያም በግራ ጎን ያለችውን መልቀቂያ ስበው ማቀባበያውን ሙሉ በሙሉ ያውጡትና፣ ከአፈሙዙ ፊት ነጭ ወረቀት ይዘው ከኋላ በኩል በበርሜሉ ውስጥ ይመልከቱ። ጠመዝማዛ ቦዮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርዛቸው ተለይቶ ሊታይ ይገባል። ውስጡ ጠቆር ማለቱ ብቻ ከመግዛት አያስቀርም፤ ብዙ የተኮሰ ጠመንጃ ሁሉ እንዲያ ነው። ዝገት የበላቸው ጉድጓዶች ከበዙ ግን በርሜሉ ቢወለወልም አይድንም። ከሁሉ የከፋው በአንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት የሚታይ ጥላ ነው። ይህ ጥላ በርሜሉ አንድ ጊዜ ተደፍኖ ሳለ ተተኩሶበት ማበጡን ስለሚያመለክት፣ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ በምንም ዋጋ አይግዙ።

ቀጥሎ የአፈሙዙን ከንፈር ይመልከቱ። በዘመናት ውስጥ መወልወያ ዘንግ ከፊት በኩል ሲገባና ሲወጣ ከንፈሩን በአንድ ወገን ይበላዋል፤ እንዲህ ያለው ጠመንጃ ውስጡ ጥሩ ቢሆንም ጥይቱን በአንድ ቦታ አያሳርፍም። ከዚያም በማቀባበያው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከጠመንጃው አካል ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ማቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ከፊት በኩል የሚቆልፉት ሁለቱ ጉጦችም በዚህኛው አካል ላይ በልኩ መቀመጣቸው አልተረጋገጠም። ልኩ ከሰፋ ቀለሁ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይለጠጥና ከግርጌው ከፍ ብሎ ሊበጠስ ይችላል። ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቀው መለኪያ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው፤ ሆኖም በቅርቡ የተተኮሰ ቀለህ ካገኙ ከግርጌው በላይ የሚያንጸባርቅ ቀለበት መኖር አለመኖሩን ማየት ይችላሉ።

ጠመንጃው ባዶ እንደሆነ ማቀባበያውን ጠንከር አድርገው ሲዘጉት ጥይቱን የሚመታው መርፌ በራሱ መውደቅ የለበትም። በማቀባበያው ጫፍ ላይ ያለችው መጠበቂያ ወደ ግራ ስትተኛ ጠመንጃው ለተኩስ ዝግጁ ነው፤ ቀጥ ብላ ስትቆም ቃታው ይታገዳል፤ ወደ ቀኝ ስትተኛ ደግሞ ማቀባበያው ጭምር ይቆለፋል። በቀኝም ሆነ ቀጥ ባለችበት ቃታው ሲሳብ ምንም ነገር መንቀሳቀስ የለበትም፤ መጠበቂያዋን ወደ ግራ ሲመልሷትም መርፌው ሊወድቅ አይገባም።

አዲሱ ቀለም ከሁሉ ይልቅ ሊያጠራጥርዎት ይገባል። ሰደፍ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከቃታው ኋላ ባለው ቀጭን አንገቱ ላይ ሲሆን፣ ቀለምም የሚቀባው በአብዛኛው እዚያው ላይ ያለውን ስንጥቅ ለመሸፈን ነው። በጠፍር የተጠፈረ አሮጌ ሰደፍ ቢያንስ ጉዳቱን አይደብቅም። የብረቱ ማብራትም ውበት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ ብረት የፋብሪካውን ጽሕፈት፣ የንጉሠ ነገሥቱን ምልክትና ቁጥሩን አብሮ ያጣል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወደ አሜሪካ የተሸጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው በዋናነት በላያቸው ባለው ምልክት ነው። ስለዚህ የተፋቀ ጠመንጃ የአርበኛ ነው ተብሎ ዋጋው ሲጨመር፣ ያን ለማስረዳት ይችል የነበረው ምስክር ጠፍቷል ብለው ይከራከሩ።

ጥያቄ ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ፦ አባቴ የተዉልኝና ዛሬ በስሜ ፈቃድ ያለው ምንሽር አለኝ። ከተኮስኩ በኋላ በርሜሉን በላምባ አጥቤ፣ ዘይት ሲጠፋ ደግሞ ቅቤ ቀብቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ይሁንና ጥቂት ቀን ሳይቆይ ውስጡ ይዝጋል። ጠመንጃውን በቆዳ ማኅደሩ አድርጌ ከምድጃው በላይ እሰቅለዋለሁ። ሰደፉም ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሯል።

መልስ፦ ችግሩ የመጣው ከእርስዎ ስንፍና ሳይሆን ከጥይቱ ነው። በአሮጌ የጦር ጥይት ግርጌ ያለችው፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትጭረው ካፕሱል ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ንጥረ ነገር አለባት። ይህ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ ይኸውም የምግብ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ጨዉ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ከዚያም ብረቱን ይበላል። ላምባ ጥላሸትንና ቅባትን ያነሣል፤ ዘይትም ብረትን ከአየር ይጋርዳል፤ ሁለቱም ግን ጨውን አያሟሙም። በጨው ላይ ዘይት ሲቀቡ ዝገቱን ከነምግቡ ክዳን አበጁለት ማለት ነው። ቅቤ ደግሞ ውኃ ያለበት ከመሆኑም በላይ ሲቆይ ስለሚኮመጥጥ ለብረት ከምንም አይሻልም። አንዳንዶች ብረቱን በአመድ ይፈትጉታል፤ አመድ ብረቱን ይፍቃል፣ ራሱም እርጥበት ይስባል።

መድኃኒቱ ቀላልና ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ እርሱም የፈላ ውኃ ነው። በተኮሱበት ዕለት፣ ሳያሳድሩ፣ ማቀባበያውን አውጥተው በትንሽ ማንቆርቆሪያ ወይም በማጥለያ ውኃውን ከኋላ በኩል በበርሜሉ ውስጥ በአፈሙዙ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው ያፍስሱ፤ ውኃው በሰደፉና በብረቱ መካከል እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ብረቱ ስለሚሞቅ የቀረው እርጥበት ቶሎ ይተናል። ከዚያም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነጭ ሆኖና ደርቆ እስኪወጣ ድረስ እየቀያየሩ ይወልውሉ። የማቀባበያውን ፊትና የመርፌውን ጫፍም እንዲሁ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከሁሉ በኋላ ስስ የማሽን ዘይት ይቀቡ፤ በማግስቱም ጨርቅ አስገብተው ቡናማ ነገር ከወጣ እጥበቱን ይድገሙ። ዘንጉን ሁልጊዜ ከኋላ በኩል ያስገቡ። ሌላ ጊዜ ከመተኮስዎ በፊት ደግሞ ዘይቱን ጠርገው ያውጡ፤ የጥይት ማደሪያው ዘይት ካለበት ቀለሁ ግድግዳውን መያዝ ስለማይችል ኃይሉን ሁሉ በማቀባበያው ላይ ይጥለዋል።

የሚያስቀምጡበትን ቦታ ግን መለወጥ አለብዎ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ደጋ እንደመሆኑ፣ ውጭ የቀዘቀዘ ብረት ሞቅ ወዳለ ቤት ሲገባ ያልበዋል። ከብርዱ ሲመለሱ ጠመንጃውን ከማኅደሩ አውጥተው፣ ላቡ እስኪደርቅ ጠብቀው ይጥረጉት። የምድጃ ጭስም ለብረት ጠላት ነው። የቆዳ ማኅደር ለመንገድ ይሁን፤ ቆዳ እርጥበትንና የተለፋበትን ጨው ይዞ ስለሚቆይ ለማኖሪያ አይሆንም። ከጭሱ ራቅ ባለ፣ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ፣ ዘይት በነካው ደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጥይቱን ለብቻው ሌላ ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡ። በማዕዘን የሚያቆሙት ከሆነ አፈሙዙን ወደ ታች ያድርጉት፤ አለዚያ ዘይቱ እየወረደ የሰደፉን አንገት ያበሰብሰዋል።

ለደረቀው ሰደፍ የሚሆነው ነገር ከማሳዎ አይጠፋም፤ የተልባ ዘይት ነው። እንጨቱን አጽድተው ጥቂት ዘይት በመዳፍዎ እያሹ ይቀቡ፤ ትርፉን ጠርገው ለቀናት ካደረቁት በኋላ ይድገሙት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን አጨማድደው ጥግ ላይ አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨማደደ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል፤ በውኃ ነክረው ወይም ዘርግተው ያድርቁት።

ጥያቄ ከዓለም ከተማ፣ መርሐ ቤቴ፦ ፈቃድ ያለው ኤም ዋን አለኝ። ጥይቶቼን በጋጣው ግድግዳ ሥር በእንስራ አስቀምጬ ስለነበር አንዳንዶቹ አረንጓዴ ሆነዋል፤ የጥቂቶቹ ቀለህም አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ጎረቤቴ በምትካቸው የቤልጅግ ጥይት ሰጠኝ፤ ስሞክረው ገባ። ልጠቀምበት እችላለሁን?

መልስ፦ አይችሉም፤ ያስገቡትንም አሁኑኑ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው ያውጡት። ከ1945 ዓ.ም. የመከላከያ ስምምነት በኋላ ከአሜሪካ በእርዳታ የገባው ኤም ዋን የሚተኩሰው 7.62 በ63 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። የቤልጅጉ ቀለህ ከዚያ በስድስት ሚሊ ሜትር ስለሚያጥር በማደሪያው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን አረሩ ወደ 8.2 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሲሆን የኤም ዋን በርሜል የተሠራው ለ7.8 ሚሊ ሜትር አረር ነው። የሚያልፍበት ስላጣ የባሩዱ ግፊት ይንርና ጠመንጃው በፊትዎ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በሰሜን ሸዋ ሁለቱ ዓይነት ጥይቶች ጎን ለጎን ስለሚገኙ ይህን ማስጠንቀቂያ ሁሉም አንባቢ እንዲይዘው እንሻለን፤ ጥይት መግባቱ ልኩ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የተሰነጠቁት ቀለሆች ምክንያት ጋጣው ነው። ከከብትና ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሲሆን ተወጥሮ የተሠራን ናስ ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል። እንግሊዞች በሕንድ አገር በዝናብ ወራት ጥይታቸውን በፈረስ ጋጣ ሲያስቀምጡ ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። የተሰነጠቀው፣ አረንጓዴው ናሱን የበላውና አረሩ የላላው ጥይት በሙሉ ከጥቅም ውጭ ነው። በእሳት አይጣሉት፣ አይቅበሩት፣ ባሩዱን ለማውጣትም አይነካኩት፤ ቆጥረው ለፖሊስ ያስረክቡ።

ጥያቄ ከጣርማ በር፦ የቀበሌ ሚሊሻ ነኝ። የተሰጠኝ ረጅም ማውዘር በመቶ ሜትር ላይ ዒላማውን አልፎ ከላይ ይመታል፤ ቁልቁል ስተኩስ ደግሞ ይብሳል። አንዳንዴም ጥይት ይከሽፍብኛል። ጠመንጃው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይበላሽ ይችላል። የጀርመኑ እ.ኤ.አ. የ1898 ረጅም ሞዴል የኋላ ማነጣጠሪያው ዝቅተኛ ልክ 400 ሜትር ነው፤ የዚያ ዘመን ጦር ከሩቅ ለመተኮስ ያስብ ነበርና። ስለዚህ በመቶ ሜትር ላይ ከፍ ብሎ መምታቱ የተሠራበት ጠባይ ነው፤ ከዒላማው ግርጌ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠርን በተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ይልመዱት። የፊቱን ማነጣጠሪያ አይሞርዱት፤ ሲያጥር አረሩ ጭራሽ ከፍ ይላል። ቁልቁልም ሆነ ሽቅብ ሲተኮስ የመሬት ስበት በአረሩ መንገድ ላይ ያለው ጫና ስለሚቀንስ በሁለቱም አቅጣጫ ከፍ ብሎ ይመታል፤ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቆላ ለሚያነጣጥር ሰው ይህ በግልጽ ይታያል።

መክሸፉ ግን ከማነጣጠሩ ይልቅ ያሳስበናል። ቃታ ስበው ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳነጣጠሩ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ በኋላ ፊትዎን ከማቀባበያው ጀርባ ዞር አድርገው ያውጡት። ተኩሱ ድምፁ ደከም፣ ግፊቱ ቀለል ካለ ደግሞ አረሩ በበርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ውስጡን ሳያዩ ሁለተኛ ጥይት ፈጽሞ አይተኩሱ። ከላይ ለደብረ ብርሃኑ አንባቢ የነገርነው እንደ ቀለበት ያለ ጥላ የሚመጣው ከዚህ ዓይነቱ ጥድፊያ ነው። ከሽፎ በወጣው ጥይት ካፕሱል ላይ የመርፌው ምልክት ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ምልክቱ ቀላል ከሆነ ግን መርፌው ተበልቷል፣ ሞላው ደክሟል ወይም ማቀባበያው ውስጥ ቅባት ረግቷል፤ በጣርማ በር ብርድ የመጨረሻው የተለመደ ነው።

ጥያቄ ከእነዋሪ፣ ጅሩ፦ ለልጄ ሠርግ በአያቴ ጠመንጃ ሁለት ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ብተኩስ ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ሽቅብ የሄደው አረር ይወርዳል። ጠመንጃው አጋድሎ ሲተኮስ የ7.92 ሚሊ ሜትር አረር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል፣ የሚያርፈው በሌላ ቀበሌ፣ ምናልባትም በሌላ ሠርግ ላይ ነው። ፉከራውና ቀረርቶው ያለ ተኩስም ይደምቃል።

ጥያቄ ከአንኮበር፦ ሟቹ ባለቤቴ ከአያታቸው የወረሱት ውጅግራ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አለ። እርሳቸው ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም። ልጆቼ ጥይት ተፈልጎለት እንዲተኮስ ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ልሸጠው ወይስ ላስቀምጠው እያልሁ አስባለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ ልጆቹ እንዳይነኩት ያድርጉ። ለዓመታት የተሰቀለ ጠመንጃ ጥይት እንደጎረሰ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ መሆኑ የሚታወቀውም ሲከፈት ብቻ ነው። ለአካባቢዎ ፖሊስ አሳውቀው የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይክፈተው። የባለቤትዎ ፈቃድ በእርሳቸው ስም የተሰጠ እንደመሆኑ ወረቀቱን ይዘው ቀርበው ቀጣዩን ሥርዓት መጠየቅም ይኖርብዎታል።

ውጅግራ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የ11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። 25 ግራም የሚመዝነውን የእርሳስ አረር የሚገፋው ጭስ የሚበዛው ጥቁሩ ባሩድ ሲሆን፣ ብረቱም የተሠራው ለዚያ ልከኛ ግፊት ነው። ፈረንሳይ ጭስ አልባውን ባሩድና ለበን የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ከያዘች በኋላ ከሠራዊቷ ያስወጣቻቸው ውጅግራዎች ወደ አገራችን በብዛት ገቡ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይም በወገን ጦር እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነበር። አሮጌ ቀለህ ፈልጎ ከዘመናዊ ጥይት በተቀዳ ባሩድ የሚሞላ ሰው ካለ ቦምብ እየሠራ መሆኑን ልጆችዎ ይወቁት። ጠመንጃው እንዳይተኮስ እንመክራለን።

ለመሸጥ ከመቸኮልዎ በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላልና፣ ውጭ አገር ገዢ አለኝ የሚል ደላላ ቢመጣ አይስሙት። ቤት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ አይፋቅ፣ ቀለም አይቀባ፤ ብረቱን በትንሽ ዘይት፣ እንጨቱን በተልባ ዘይት ብቻ ያሹት። ባለቤትዎ ስለ ጠመንጃው የነገሩዎትን፣ የማን እንደነበረና በየት እንደዘመተ፣ በብረቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር በወረቀት ጽፈው ከፈቃዱ ሰነድ ጋር ያኑሩት።